አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ዐውደ ምሕረት፦ ክረምትን የትውልድ መገናኛ ስለ ማድረግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በላፍቶ አካባቢ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ የክረምቱ ትምህርት የሚዘጋበት ዕለት ነበር። ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው መዝሙር አቀረቡ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ እኔም አስተባባሪ እንደ መሆኔ ሪፖርት አነበብሁ። ስንት ሕፃናት እንደ ተመዘገቡ፣ ስንቶቹ እስከ መጨረሻው እንደ ጸኑ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደ ተሰጠ ዘርዝሬ ስጨርስ ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው። ሰው ሲበተን ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ አንድ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው በዛፉ ሥር ጠበቁኝ። «ዲያቆን ልጄ፣ ደግ ሠርታችኋል፤ ዋጋችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ» ብለው ከመረቁኝ በኋላ አንድ ጥያቄ አስከተሉ። «እነዚህ ልጆች ሁለት ወር ሙሉ በአጠገቤ ሲያልፉ ሰነበቱ። ለመሆኑ ከመካከላቸው ስሜን የሚያውቅ አንድ ልጅ አለ? እኔስ የማንኛቸውን ስም አውቃለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። በሪፖርቴ ውስጥ የሌለው አንድ ቁጥር እርሱ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያ ጥያቄ ስላልተወኝ ነው። በየአጥቢያው የክረምት ትምህርት የሚያስተባብሩ ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ወላጆች በአንድነት እንዲወያዩበት በትምህርት መልክ ቀርቧል።

አንድ ግቢ፣ ሦስት ጉባኤ

የሆነውን ላስረዳ። በዚያ ክረምት ሕፃናቱን በድንኳን፣ ወጣቶቹን በአዳራሽ አስተማርን። አረጋውያኑ እንደ ልማዳቸው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በዛፉ ሥር ተቀምጠው ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር። ሦስቱም በአንድ ግቢ ነበሩ፤ ሦስቱም የሚጸልዩት ወደ አንድ አምላክ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አላወቀውም። የሕፃናቱ ክፍል ሲያልቅ መምህራኑ ልጆቹን በሰልፍ ወደ በሩ ሸኟቸው፤ ቅዳሴው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። እኛም ይህን ሥርዓት «ጥሩ አደረጃጀት» ብለን መዘገብነው።

በዕድሜ ለይቶ ማስተማር በራሱ ጥፋት አይደለም። ለሕፃን የሚሰጠው ወተት ነው፤ ለጎልማሳ ደግሞ ጠንካራ ምግብ ይገባዋል። ስሕተቱ መለየቱን መጀመሪያም መጨረሻም ማድረጋችን ነው። የተለያዩት ተመልሰው የሚገናኙበት ሰዓት አላዘጋጀንም። ልጁ ስለ ጸሎት ትምህርት ተማረ፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲጸልዩ የኖሩትን እናት ግን ከሃያ እርምጃ ርቀት አልቀረበም።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያሳዩን መንገድ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እስራኤል የፋሲካውን ሥርዓት ሲቀበሉ ልጆች በዚያው ማዕድ ላይ እንደሚኖሩ ታስቦ ነበር። ልጁ የሚደረገውን አይቶ ትርጉሙን ይጠይቃል፤ አባቱም የግብፅን ባርነትና የእግዚአብሔርን ማዳን ይተርክለታል። ልብ እንበል፦ ትምህርቱ የተጀመረው ከልጁ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ የተወለደው ከአምልኮው ነው። ልጁ በሥርዓቱ ላይ ባይገኝ ኖሮ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም ነበር። አምልኮና ትምህርት የተለያዩ ሁለት መርሐ ግብሮች አልነበሩም።

በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 2 ጾም ሲታወጅ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ጡት የሚጠቡት ሳይቀሩ እንዲሰበሰቡ ታዟል። ጡት የሚጠባ ሕፃን የጾሙን ትርጉም አይረዳም፤ ሆኖም ከጉባኤው አልተለየም። ማስተዋል የሚያድገው በጉባኤው ውስጥ ነውና።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ደግሞ ለዛሬው ትምህርታችን እጅግ የቀረበ ታሪክ እናገኛለን። ካህኑ ኤሊ ዓይኖቹ ፈዝዘዋል፤ ብላቴናው ሳሙኤል ድምፅ ይሰማል፣ ነገር ግን የማን ድምፅ እንደ ሆነ አያውቅም። የሚሰማው ልጁ ነው፤ የሚያውቀው ሽማግሌው ነው። ኤሊ እንዴት መመለስ እንዳለበት ባያስተምረው ሳሙኤል ወደ መኝታው እንደ ተመላለሰ ይቀር ነበር፤ ሳሙኤል ባይኖር ደግሞ ያ መልእክት ወደ ኤሊ ጆሮ አይደርስም ነበር። በእግዚአብሔር ቤት ሁለቱ ትውልዶች የሚፈላለጉት እንዲህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው ጠርቷል። ወጣቱ ኤጲስ ቆጶስ የአያቱን ስም የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን እምነቱን ከእርሷ የተቀበለ ነበር።

ክረምት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በዚሁ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አባቶቻችን ትውልድን የሚያገናኙ ሥርዓቶችን አስቀድመው ሠርተውልናል፤ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብንም።

የመጀመሪያው ጾመ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ይህ ጾም ሕፃናት እንኳ በፍቅር የሚጾሙት ነው። የብዙዎቻችን የመጀመሪያው የጾምና የቁርባን ትዝታ ከፍልሰታ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአያታችን ነጠላ ጫፍ አፋችንን ሸፍነን፣ እጃቸውን ይዘን ወደ ቤት የተመለስንበት ጊዜ ነው። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ይጸለያል፣ ትርጓሜው በመምህራን ይሰማል፣ ቅዳሴው በየቀኑ ይቀደሳል።

የጾሙን ታሪክ እናስታውስ። እመቤታችን ዐርፋ ከተቀበረች በኋላ ትንሣኤዋንና ዕርገቷን ያየ ቅዱስ ቶማስ ብቻ ነበር፤ በደመና ተጭኖ ሲመጣ አገኛትና ሰበኗን ለምልክት ተቀበለ። ሐዋርያት ይህን ሲሰሙ «ቶማስ ያየው ለእኛ እንዴት ይቀርብናል?» ብለው በዓመቱ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሱባዔ ገቡ፤ ነሐሴ 16 ቀንም የለመኑትን አገኙ። እንግዲህ ይህ ጾም አንዱ ያየው በረከት ለሁሉም እንዲደርስ በአንድነት የተጾመ ነው። ቶማስ አይቻለሁ ብሎ ዝም አላለም፤ ሰበኑን አሳየ። የቀሩትም ሰምተናል ብለው አልተቀመጡም፤ ራሳቸው ለማየት ጾሙ። አረጋውያኖቻችን በዘመናቸው የእግዚአብሔርን ሥራ አይተዋል፤ ልጆቻችን ገና አላዩም። አረጋውያኑ ያዩትን እንዲያሳዩ፣ ልጆቹም ለማየት እንዲተጉ ከፍልሰታ የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛው ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ ነው። በዚህ ዕለት ታላላቆች ለልጆች ሙልሙል ይሰጣሉ፤ የክርስትና አባትና እናት ደግሞ ለክርስትና ልጃቸው የሚሰጡት ሙልሙል የተለየ ማሳሰቢያ አለው። «ከጥምቀት ባሕር የተቀበልሁህ እኔ ነኝና አልረሳሁህም» ማለት ነው። በከተማችን ግን ሙልሙሉ በአብዛኛው በገንዘብ ተተክቷል። ልጆቹ ሲዘምሩ ከበር ላይ ብር ይቀበላሉ፤ ማን እንደ ሰጣቸው ሳያውቁ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ወርኃ ጳጉሜን ነው። በጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ዕለት ሕፃኑም ሽማግሌውም በዝናሙ በረከት ለማግኘት ከደጅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዘመን ተለውጦ ቅዱስ ዮሐንስ ይገባል፤ ቤተሰብ ይጠያየቃል፣ ታላላቆች ይመርቃሉ።

በላፍቶ ይህ ለምን ከባድ ሆነ?

ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞና መካኒሳ በቅርብ ዘመን ብዙ ሕዝብ የሰፈረባቸው የከተማችን ክፍሎች ናቸው። ብዙ ቤተሰቦች ከመሀል ከተማ ነባር ሰፈሮች ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛውረዋል። በነባሩ ሰፈር ልጁን የሚያውቀው ጎረቤት ሁሉ ነበር፤ ሲያጠፋ የሚገሥጹት፣ ሲታመም የሚጠይቁት፣ በዓል ሲመጣ የሚመርቁት ብዙ አያቶች ነበሩት። ቤተሰቡ ሲዛወር ንስሐ አባቱ፣ እድሩ፣ ሰንበቴውና የክርስትና እናቱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ቀሩ። አዲሱ ሰፈር ቤት ሰጠ፤ ዝምድናን ግን አብሮ አልሰጠም።

በዚህ ላይ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ጉልበታቸው ሲደክም ደረጃው ከቤተ ክርስቲያን ይለያቸዋል። ወላጆች ቀኑን በሥራ ይውላሉ፤ ልጆች በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ። አንድ ቤት ውስጥ ያሉት አያትና የልጅ ልጅ እንኳ የሚነጋገሩበት ቋንቋ እየጠፋባቸው ነው። በልማት ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ስለ ውኃ፣ ስለ ጤናና ስለ ምግብ ዋስትና ስንደክም፣ በከተማ ያለው የአረጋውያን ብቸኝነትም የልማት ጥያቄ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ለዚህ ችግር ከቤተ ክርስቲያን የቀረበ ማን አለ?

ከቅርቡ ታሪካችን የምንማረው

ክረምት ምን ሊሠራ እንደሚችል ሩቅ ሳንሄድ ማየት እንችላለን። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ በነበሩበት ጊዜ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም የካህናት ማሠልጠኛ አቋቁመው፣ በክረምት ወራት ከሰንበት ትምህርት ቤቶችና ከከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚመጡ ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር። ዘመኑ ሃይማኖትን መግለጽ ቀላል ያልነበረበት የደርግ ዘመን ነው። ወጣቶቹ በዚያ ያገኙት የክፍል ትምህርትን ብቻ አልነበረም፤ ከሊቀ ጳጳስ፣ ከመነኮሳትና ከመምህራን ጋር በአንድ ግቢ እየጸለዩ ሰነበቱ። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ፤ በእግራቸው ሥር ከተማሩት ወጣቶች መካከል ግን በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ፊተኞች የሆኑ ነበሩ። መምህሩ ቢያልፉም ትምህርቱ አላለፈም። ምክንያቱም ወጣቶቹ የያዙት ደብተር ብቻ ሳይሆን የአባት ፊትና ድምፅ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት የሞከርነው

የአረጋዊው ጥያቄ ከቀረበልን በኋላ በነበረው ክረምት አጥቢያዋ አንድ ነገር ለወጠች። ከክፍለ ጊዜዎቹ መካከል አንዱን «የአባቶችና የልጆች ንባብ» ብለን ሰየምን። አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት እናት ከሦስት ልጆች ጋር ይቀመጣሉ፤ መጽሐፉ ውዳሴ ማርያም ነው። ልጆቹ ፊደል ያውቃሉ፣ ነገር ግን የግእዙን ንባብ አያውቁም፤ ተነሹን ይጥሉታል፣ ወዳቂውን ያነሡታል። አረጋውያኑ ቃሉን በልባቸው ያውቁታል፣ ነገር ግን ብዙዎቹ የመጽሐፉን ፊደል ለማየት ዓይናቸው ደክሟል። እንግዲህ ልጁ ያነባል፣ አረጋዊው ያቀናል። የኤሊና የሳሙኤል ነገር በዓይናችን ፊት ተፈጸመ።

ሁሉ ነገር የተቃና ነበር ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አባት ልጆቹ ሲስቁ ተቆጥተው ጥለው ሄዱ፤ ሁለት ልጆች ደግሞ «አንመጣም» ብለው ቀሩ። ወላጆች «ልጄ የሂሳብ ማጠናከሪያ ይቀርበታል» ሲሉ ቅር ተሰኙ። ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናምና ጭቃ አረጋውያኑን አስቸገራቸው። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ጠዋት አመጣነው፤ ንባቡን ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰንን፤ የተቆጡትንም አባት ካህኑ ቤታቸው ድረስ ሄደው አባብለው መለሷቸው። ኋላ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልጆች የሚሰበሰቡባቸው እርሳቸው ሆኑ።

ፍልሰታ ሲገባ ልጆቹን ከቅዳሴ በፊት መሸኘት ተውን። በየቡድናቸው ከአረጋውያኑ አጠገብ ቆመው አስቀደሱ። በአንድ ዕለት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከቡድኗ እናት አንዷ እንደ ቀሩ አይታ «እማማ ዛሬ ለምን አልመጡም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሄደን ብናይ እናታችን በአራተኛው ፎቅ ታመው ተኝተው ነበር። አብሯቸው የሚኖር ሰው አልነበረም። ወጣቶቹ ወደ ሕክምና ወሰዷቸው፤ ካህኑም በቤታቸው ጸሎት አደረሱላቸው። ባለፈው ዓመት ቢሆን መቅረታቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው አይገኝም ነበር። በሪፖርታችን ውስጥ ያልነበረው ቁጥር እንዲህ መሙላት ጀመረ።

ለአጥቢያዎች የቀረበ ተግባራዊ ምክር

1. ከሰኔ አስቀድሞ ይታቀድ። ሰበካ ጉባኤው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱና አረጋውያኑ በአንድነት ይቀመጡ። አረጋውያንን የምናማክራቸው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ከሆነ እንግዶች እንጂ ባለቤቶች አይሆኑም።

2. በዕድሜ የተለየ ትምህርት ይቀጥል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሁሉም የሚገናኙበት አጭር ክፍለ ጊዜ ይኑር። ቡድኖቹ ክረምቱን ሙሉ አይቀያየሩ፤ ስም የሚታወቀው በመደጋገም ነው።

3. ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ድርሻ ይኑረው። ልጅ ያንብብ፣ አረጋዊ ያቅና። ወጣት ወንበርና ጃንጥላ ያቅርብ፣ ደካሞችንም ደግፎ ያምጣ። ወላጅ ከሥራ ሲመለስ ልጁ የተማረውን ይጠይቀው። ተመልካች ብቻ የሆነ ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

4. በፍልሰታ ልጆች በቅዳሴው ይቁሙ። አንድ ካህን ወይም መምህር በየዕለቱ ከቅዳሴው አንድ ክፍል መርጦ በአጭሩ ያስረዳቸው። ለመቁረብ የሚዘጋጁት ከነወላጆቻቸው በንስሐ አባታቸው በኩል ይዘጋጁ። ከቅዳሴ በኋላ ለጾሙ ሕፃናት የሚሆን ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በምእመናኑ ትብብር ይሰናዳ።

5. በደብረ ታቦር ሙልሙሉ ይመለስ። እናቶችና ልጃገረዶች በአንድነት ጋግረው በበዓሉ ዕለት በግቢው ይታደል። የክርስትና አባቱና እናቱ በሩቅ ለቀሩበት ልጅ፣ እነርሱን ሳይተካ የሚያጽናናው አንድ ታላቅ ሰው በአጥቢያው ይኑረው፤ ልጁም ለክርስትና ወላጆቹ በዕለቱ ስልክ እንዲደውል ይደረግ።

6. በጳጉሜን ከቤት የማይወጡት ይጎብኙ። ከካህን ጋር ሁለት ወይም ሦስት ልጆችና አንድ ወጣት ሆነው ይሂዱ። አረጋዊውም ባዶ እጃቸውን እንዳይቀበሉ፣ ለልጆቹ አንድ ታሪክ እንዲነግሩና እንዲመርቁ አስቀድሞ ይነገራቸው።

7. የሕፃናት ደኅንነት ይጠበቅ። ማንኛውም ቡድን ሰው በሚያየው ቦታ ይቀመጥ፤ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ለብቻው አይተው፤ የወላጅ ስልክ ይመዝገብ፤ ጉብኝት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይደረግ። መተማመን የሚጸናው በጥንቃቄ ነው።

8. ሪፖርቱ ይለወጥ። ከተመዘገቡት ቁጥር ቀጥሎ እነዚህም ይጻፉ፦ ስንት ልጆች የአንድ አረጋዊ ስም አወቁ? ስንት አረጋውያን ተጎበኙ? መስከረም ከጠባ በኋላ ስንቶቹ መገናኘታቸውን ቀጠሉ?

የመወያያ ጥያቄዎች

በአጥቢያችን አረጋውያንና ሕፃናት በአንድነት የሚቆሙት መቼ መቼ ነው? የሚለያያቸውስ ማነው፦ ሥርዓቱ ነው ወይስ የእኛ ምቾት?

ከአረጋውያኖቻችን መካከል ዜማ፣ ንባብ፣ የአጥቢያው ታሪክ ወይም የእጅ ሙያ የሚያውቁ እነማን ናቸው? ይህን ከእነርሱ የተቀበለ ልጅ አለ?

ባለፉት ሦስት ወራት ከጉባኤው የቀሩ አረጋውያን ስም ማን ይባላል? የት ይገኛሉ?

ማጠቃለያ

ያ አባት ባለፈው ዓመት ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ሦስት ልጆች ከካህናቱ ቀጥለው ቆመው ነበር፤ በየሳምንቱ አብረዋቸው ያነበቡ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ አሁን ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ውዳሴ ማርያም ሲያደርስ ንባቡን ይመራል። ወዳቂውን ወድቆ፣ ተነሹን አንሥቶ ሲያነብ የሚሰማው ሰው ከማን እንደ ተማረ ቢጠይቀው፣ ልጁ የአረጋዊውን ስም ከነክርስትና ስማቸው ይናገራል።

ክረምቱ እየቀረበ ነው። ድንኳኑን ከመትከላችን፣ ደብተሩን ከመግዛታችን በፊት በየአጥቢያችን ዛፍ ሥር ወደተቀመጡት ሄደን ስማቸውን እንጠይቅ፤ የልጆቻችንንም ስም እንንገራቸው። የአባቶቻችን አምላክ ትውልዳችንን በአንድነት ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።